በሃምሳ የተሰገደ ስግደት

«እማዬ፣ በቀን ሦስት መቶ ስኳት ትሠሪያለሽ እንዴ?»

ቤዛዊት ይህን ያለችው በአንድ እጇ የጥርስ ብሩሽ፣ በሌላው ከክሊኒኩ በፖስታ የመጣውን ወረቀት ይዛ ከማእድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነው። ወርቅውሃ ስኳት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ አታውቅም። ወንበሯ ላይ ወደ ቀኝ ጋደል ብላ፣ በፎጣ የጠቀለለችውን የቀዘቀዘ የአተር ከረጢት ግራ ወገቧ ላይ ደግፋ፣ ሻይዋ እስኪበርድላት ትጠብቃለች። ልጅቷ አፏ የጥርስ ሳሙና እንደሞላ እጆቿን ወደፊት ዘርግታ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ አለችላት። እናትየው ሳቀች። ሳቁ ጎኗን ቀስፎ ሲይዛት ተወችው። እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ እንደማታውቅ፣ በዚህ ዕድሜዋም ልትጀምር እንደማታስብ ተናግራ፣ ምናልባት የሌላ ሰው ወረቀት በስህተት መጥቶ ይሆናል አለች። የሌላ ሰው ፖስታ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ታችኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ የመብራት ቢል በየወሩ እነሱ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው።

የሌላ ሰው ግን አልነበረም። ስሟ ከነአባቷ፣ የልደት ቀኗ፣ የምትሠራበት ሆቴል ስም ሁሉ ተጽፏል። ቤዛዊት አፏን ተጉመጥምጣ መጣችና ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ እንግሊዝኛውን አንድ መስመር ታነብና ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። ታካሚዋ በሃይማኖቷ ምክንያት በየዕለቱ፣ ይህን ሳምንት ጨምሮ፣ ሰውነቷን ሳታሟሙቅ ሦስት መቶ ጊዜ ቁጭ ብድግ እንደምትል ቤተሰቧ ገልጿል ይላል። የወገቧ ሕመም ከዚሁ እንቅስቃሴ የመጣ የጡንቻ ሕመም እንጂ ከሥራዋ ጋር የተያያዘ አይመስልም ይላል። ማክሰኞ ታይታ፣ ይህንኑ ፈርማ፣ ወደ ሙሉ ሥራዋ ትመለስ ይላል። ማክሰኞ ማለት ዛሬ ነው።

«ይህን ሳምንት ጨምሮ» የሚለውን ወርቅውሃ ሁለት ጊዜ አስነበበቻት። ሦስተኛ ጊዜ ልታስነብባት ስትል ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። እዚህ አሜሪካ ነው ያደገችው። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ መዝሙሩን ታውቃለች፤ የዓመቱን አዋጅ ግን የምትኖረው በእናቷ አፍ ነው፣ ጹሚ ስትባል ትጾማለች፣ ፍቺ ስትባል ትፈታለች። ወርቅውሃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ፋሲካ ካለፈ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ መሆኑን አስታወሰቻት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳው ቀን የደስታ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም፤ ስግደት የሚባል ነገር የለም። የሰገደ ሰው ቢኖር ቄሱ ይገሥጹታል። ይህንን ደግሞ ከአንድ ቤት ያደገ፣ ከአንድ ማዕድ የበላ፣ አንድ ደብር የሚስም ሰው አያውቅም ማለት አይቻልም።

ወረቀቱ «ቤተሰቧ» የሚለው ንጋቱን ነው። የአክስቷ ልጅ ነው፤ በዕድሜ በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች፤ እሱም እስከ ዛሬ «እትዬ» እንጂ በስሟ ብቻ ጠርቷት አያውቅም። አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ያለው ሆቴል ውስጥ የክፍል አጽጂዎቹ ሱፐርቫይዘር ነው። ሥራውን ያስገባት እሱ ነው፤ ጠዋት ከበልትስቪል ተነሥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ በሯ ላይ አቁሞ የሚወስዳትም እሱ ነው። ባለፈው ዓርብ ክሊኒክ ወስዶ ያስተረጎመላትም እሱ ነው።

የሆነው እንዲህ ነበር። ባለፈው ሐሙስ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ 614 ቁጥር ክፍል ውስጥ፣ ወርቅውሃ አንሶላውን ከፍራሹ ሥር ለመወተፍ የትልቁን አልጋ ጥግ በግራ እጇ አነሣች። ሆቴሉ በክረምቱ ፍራሾቹን ቀይሯቸዋል፤ አዲሶቹ ወፍራምና ከባድ ናቸው፣ እንግዶች ደመና ላይ እንደመተኛት ነው ይሏቸዋል አሉ። ቀድሞ በቀን ዐሥራ አራት ክፍል ነበር የምታጸዳው፣ አሁን ዐሥራ ሰባት ሆኗል። ቀድሞ ጠዋት ምድር ቤት ተሰብስበው አምስት ደቂቃ እጅ እግራቸውን ያፍታቱ ነበር፤ ንጋቱ ራሱ ፊት ቆሞ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ይመራቸው ነበር፣ ሴቶቹም ደረቱን ነፍቶ ሲያዩት ወታደር ቤት ያለፈ ነው እያሉ ይስቁበት ነበር። ክፍሉ ዐሥራ ሰባት ሲሆን አምስቱ ደቂቃ ቀረች። እና የዚያን ዕለት ዐሥራ አንደኛው ክፍል ላይ፣ ፍራሹ እጇ ላይ እንዳለ፣ ከግራ ወገቧ አንድ ነገር እንደ ክር ተበጠሰ። ጮኻ አልጋው ላይ ተደፋች። የእንግዳ አልጋ ላይ መተኛቷ አሳፍሯት ለመነሣት ስትሞክር እግሯ እምቢ አላት።

በማግሥቱ ክሊኒክ ውስጥ ምን እንደተባለ አሁን ወደኋላ ታስበዋለች። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ እየጻፈች ጠየቀች፣ ንጋቱም ረዘም አድርጎ መለሰ። ለወርቅውሃ ያስተረጎመላት ጥቂቱን ነው፤ የት ጋ እንደሚያማት፣ መድኃኒት የሚከለክላት ነገር እንዳለ። ከዚያ መሀል ዘወር ብሎ፣ እንደዋዛ፣ ስቅለት ዕለት ቄሱ ስንት እንዳዘዟት ጠየቃት። እሷ የዘመድ ጥያቄ መሰላት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ማታ ሲበተኑ፣ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የሚጠያየቀው ነገር ነው፤ በወይራው ቸብ ቸብ አድርገውህ ስንት አሸከሙህ ይባባላል። ትንሽ አፈር ብላ፣ ደግሞም ያንን ሁሉ ጨርሳ በእግሯ መሄዷ ደስ ብሏት፣ «ሦስት መቶ» አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ ወደ ዶክተሯ ዞረና በእንግሊዝኛ አወራ። ዶክተሯ ቀና ብላ እያደነቀች አየቻት። ወርቅውሃም ክብር የተሰጣት መስሏት ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነች። አሁን ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ የምታስበው ያንን ማመስገኗን ነው። ፊቷ እሳት ሆነ።

ከወረቀቱ ጋር ሌላ አንድ ገጽ ተያይዟል፤ ፀጉርም ፊትም የሌለው ሰው ሥዕል አለበት፤ ይጎነበሳል፣ ግድግዳ ይገፋል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይስባል። እንቅስቃሴ ከመጀመርሽ በፊት ሰውነትሽን አሟሙቂ፤ ጥቂት ጀምረሽ በየሳምንቱ ጨምሪ፤ ውሃ ጠጪ፤ ስትጨርሺ በአንድ ጊዜ አትቀመጪ፣ ተራመጂ፤ ካመመሽ አሳርፊው። ቤዛዊት ዊተን ያለ ጂም ፊት ዴስክ ላይ ትሠራለች፤ ኮሌጅም የምትማረው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕክምና ረዳት ለመሆን ነው፤ ምክሩ ልክ ነው አለች። ልክ ነው እንጂ ምን ይጎድለዋል፤ ወርቅውሃን የከነከናት ልክ መሆኑ ነው። ይህንን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላ የሚቆሙት ሴቶች ያለ ወረቀት ያውቁታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ በዘወረደ ዐሥራ ሁለት ይጀምራሉ፣ ቅድስት ላይ ሃያ፣ ደብረ ዘይት ላይ አርባ አንድ እያሉ ጉልበታቸውን ያለማምዱታል፤ ሰሙነ ሕማማት ላይ ድንገት የሚጀምር ጎረምሳ ብቻ ነው፣ እሱም ማክሰኞ በዱላ ይመጣል። ለጉልበታቸው ነጠላ አጥፈው ያነጥፋሉ። ሲወርዱ በእጃቸው ይቀድማሉ፣ ሲነሡ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ከስቅለት በፊት ባለው ምሽት ውሃ በደንብ ይጠጣሉ፤ ሳይጠጣ የቆመ ሰው ባቱ እንደሚሸመቅቅ ያውቃሉ። ሲጨርሱም ዘጭ ብለው አይቀመጡም፤ ቅጥሩን አንድ ሁለት ጊዜ ይዞሩታል። ወርቅውሃ ቅዳሜ ለብ ባለ ውሃ እግሯን ነክራ፣ በቅባት አሽታ፣ ደረጃውን ጎን ጎኗን ወርዳለች። እሑድ ሌሊት ተልባዋን ጠጥታ ጾሟን ፈታች። ሰኞ ጭኖቿ ትንሽ ያዝ አደረጓት፤ ማክሰኞ ረስታዋለች፤ ሰባት ሰዓት ሙሉ ጋሪ ስትገፋ ውላለች።

«ሁለቱም ጭኖችሽ ነበሩ ያመሙሽ፣ ራይት?» አለች ቤዛዊት። «በማግሥቱ ጀመረሽ፣ ከዚያ በሦስት በአራት ቀን ለቀቀሽ።»

«አዎ፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።»

«ይሄ ግን አንድ ጎን ነው፤ እያነሣሽ እያለሽ ነው ቀጥ ያደረገሽ። እማዬ፣ ኢትስ ኖት ዘ ሴም ቲንግ። እኔ እንኳ ገና በአንደኛ ዓመቴ አውቀዋለሁ።»

የስፖርት ሕመም በሁለት ጎን ይመጣል፣ አድሮ ይመጣል፣ እየቀለለ ይሄዳል፤ የተጎዳ ጡንቻ ግን ሰዓቱንና ቦታውን ይናገራል አለቻት። ይህንኑ ለዶክተሯ እንድትነግራት አሳሰበቻት። አብሬሽ እንዳልሄድ በአራት ሰዓት ፈተና አለብኝ ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከመውጣቷ በፊት ግን አንድ ነገር አጥብቃ ነገረቻት፤ ክሊኒኩ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በስልክ ነው፣ አትከፍዪም፣ አማርኛ በይ ብቻ፣ እስኪያመጡልሽ ምንም እንዳትፈርሚ። እናትየዋ ሰማች እንጂ እሺም እምቢም አላለችም። ንጋቱን እፊቱ ላይ አንተ አታስተርጉምልኝ ማለት እንዴት ይባላል? አክስቷ፣ እናቱ፣ በየእሑዱ ከአዲስ አበባ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቃት ስለ እሱ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ንጋቱ በሩ ላይ ጡሩምባ ነፋ። የፊቱን ወንበር ወደኋላ ለጥጦላታል፤ ለወገቧ የሚሆን ትራስ ከቤቱ አምጥቷል። ይህ ደግሞ ባሰባት። ክፉ ፊት ቢያሳያት ይቀላት ነበር። መንገድ ላይ ስለ ቤንዚን መወደድ አወራ፤ ጋሎኑ ሦስት ከሰባ ገብቷል አለ። ስለ ልጁ እግር ኳስ አወራ፤ የጫማው ዋጋ የሰው ደሞዝ ነው አለ። እሷ እህ፣ እህ ትላለች። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ከታች ወንዙ ዕረፍት የሌለው ቡናማ ውሃ ተሸክሞ ይሄዳል፤ መኪናው በየመገጣጠሚያው ነጠር ባለ ቁጥር ጎኗ ይወጋታል፣ ጥርሷን ትነክሳለች። ያን ጊዜ ነው ዛሬ ብዙም እንደማይቆዩ የነገራት፤ አንዲት ፊርማ ብቻ ናት፣ ከዚያ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን፤ ነገ ሥራ ስትገቢ ቀለል ያለውን ፎቅ እሰጥሻለሁ አላት። ፊርማው ምን የሚል እንደሆነ ጠየቀችው። ፎርማሊቲ ነው አለ። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ወረቀት በቆዳው ውስጥ አልፎ የሚያቃጥላት መሰላት። አለመናገሯ ከፍርሃት አልነበረም። ራሱ እንዲነግራት ጊዜ እየሰጠችው ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ ሰጠችው። እሱ ግን ስለ ጫማው ነው ያወራው።

ክሊኒኩ ከጥርስ ሐኪምና ከልብስ ንጽሕና መስጫ መሀል ያለ፣ ዝቅ ያለ ቤት ነው። መቀበያው ጋ ግድግዳው ላይ በሠላሳ ያህል ቋንቋ የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ዓርብ ዕለት ሕመሙ ዓይኗን ስለጋረደው አላየችውም፣ አይታውም ቢሆን ጌጥ ይመስላት ነበር። ቻይንኛ አለ፣ ዓረብኛ አለ፣ ከታች ወደ ግራ በገዛ ፊደሏ አንድ መስመር አለ፦ ቋንቋዎን በጣትዎ ያመልክቱ፤ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብልዎታል። ንጋቱ ስሟን እያስመዘገበ ነበር። ወርቅውሃ መቀበያው ላይ በተቀመጠችው ልጅ ጎን አልፋ፣ እጇን ዘርግታ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

ንጋቱ ሳቅ ብሎ፣ እኔ አለሁላት ብሎ ለልጅቷ ነገራት። ለወርቅውሃም በአማርኛ፣ እሱ በስልክ ነው፣ ያዘገያል፣ ገና ሰው እስኪያነሣ ቆመሽ ታድሪያለሽ አላት። ጣቷን አላነሣችም። ልጅቷ ከእሱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ጣቷ አየችና ስልኩን አነሣች።

የምርመራው ክፍል ጠባብ ነው፤ ወረቀት የተነጠፈበት አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ሥዕል፣ ጡንቻው ሁሉ ቀይ ሆኖ። ዶክተሯ ገብታ ሰላምታ ሰጠች፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ከሩቅ የሴት ድምፅ መጣ፤ ሰከን ያለ፣ የወሎ ለዛ ያለበት።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ። የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። በክፍሉ ውስጥ የሚነገረውን ማንኛውንም ነገር፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጉማለሁ። የማይተረጎም ነገር ካለዎት እንዳይናገሩት።»

ይህንኑ በእንግሊዝኛ ደገመችው። ንጋቱ ወንበሩ ላይ እግሩን አጣጥፎ ስልኩን ይነካካ ነበር። ወርቅውሃ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአሜሪካዊ ሐኪም በሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሐሙስ መሆኑን፣ የክፍሉን ቁጥር፣ ፍራሹን፣ እንደ ክር የተበጠሰውን ነገር ተናገረች። ሴትየዋ እየተከተለች፣ ትንፋሽ እየሰጠቻት መለሰች። ዶክተሯ ግራ ገብቷት ኮምፒውተሩን ተመለከተች። ዓርብ ዕለት የተነገረኝ ሌላ ነው አለች፤ በየቀኑ የምትሠሪው እንቅስቃሴ እንዳለ ነው የተነገረኝ፤ ዛሬም ነገም እንደምትሠሪው። ወርቅውሃ የስግደቱን ነገር ከሥሩ አስረዳች። መስገዷን አልካደችም፤ ስቅለት ዕለት ሦስት መቶ መስገዷን፣ ሁለቱም ጭኖቿ መያዛቸውን፣ በአራተኛው ቀን መልቀቃቸውን ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ጊዜ እንዳልሰገደች፣ ልትሰግድም እንደማትችል ተናገረች።

«በሃምሳ አይሰገድም» አለች። «ሕግ ነው።»

ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት ቃል ፈለገችለት። ከዚያ ፋሲካን፣ ሃምሳውን ቀን፣ ክልከላውን አንድ በአንድ አስቀመጠችው። ዶክተሯ መጻፍ ጀመረች። ንጋቱ ያኔ ነው እግሩን ያወረደው። ወደ ወርቅውሃ ጎንበስ ብሎ፣ ባስ ላይ፣ ባንክ ቤት፣ አለቃ ፊት፣ ፈረንጅ ባለበት ሁሉ እንደምናደርገው፣ ፈገግታውን ፊቱ ላይ እንዳለ ትቶ በአማርኛ አንሾካሾከ።

«እትዬ ወርቄ፣ ምን ነካሽ? ሃምሳ ይሁን ሁዳዴ እነሱ በምን ያውቃሉ? ዝም ብለሽ ፈርሚ። አለቆቹ አደጋ ያልደረሰበት ቀን ብለው የሚቆጥሩት ሁለት መቶ ሊሞላ ዐሥር ቀን ነው የቀረው፤ ወደ ዜሮ ከተመለሰ መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው።»

እና ስልኩ፣ አልጋው ጫፍ ላይ፣ በዚያው ሰከን ባለ ድምፅ፣ ይህንን ሁሉ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ስሟን ጭምር። ወርቄ የሚለውን የቁልምጫ ስሟን እንኳ ሴትየዋ አልተወችውም። ወርቅውሃ እንግሊዝኛው አይገባትም፤ ግን «ዜሮ» የሚለውን ሰማች፣ የንጋቱንም ፊት አየች። ፈገግታው ቀስ ብሎ አልጠፋም፤ ባለበት ቀርቶ ባለቤት አጣ። እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ፣ የተነገረው የሚመለስ ይመስል። የዶክተሯ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቆመዋል። ስልኩም ጠበቀ፤ የሚቀጥለውን ቃል፣ የማንም ይሁን የማን፣ ሊመልስ።

ዶክተሯ ድምጿን ሳታነሣ ንጋቱን ውጭ እንዲጠብቅ ነገረችው። አስተርጓሚዋ ይህንንም ተረጎመችው፤ «ውጭ ይጠብቁ ይሉዎታል» አለች፣ ለእሱ በአንቱታ። ወጣ። በሩ ሲዘጋ ወርቅውሃ የደስታ ነገር አልተሰማትም። ዶክተሯ አስተኝታ ግራ ወገቧን ተጫነች፣ እግሯን በየተራ አነሣች፣ ሁለቱን ጭኖቿን ጨመቀች። ጭኖቿን አላመማትም። ግራ ወገቧን ስትነካት ግን ድምፅ አወጣች፤ አስተርጓሚዋ የሕመም ድምፅ ስለማይተረጎም ዝም አለች። ከዚያ ዶክተሯ የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበች፣ ስልኩም ተከትሎ አለ፦ ሐሙስ ዕለት፣ በሥራ ላይ፣ ፍራሽ ስታነሣ፤ ያለፈው ሪፖርት ቤተሰብና አለቃ በሆነ ሰው ትርጉም የተጻፈ ስለሆነ ታርሟል፤ ለሦስት ሳምንት ከባድ ነገር አታነሣም፤ ጉዳቱ የሥራ ጉዳት ነው። ወርቅውሃ የመጨረሻውን እንዲደግሙላት ለመነች። ደገሙላት። ስግደት የሚለው ከወረቀቱ ውስጥ ይውጣ ብላ ጠየቀች። ዶክተሯ አሰበችና፣ ሰረዘችው።

«እግዜር ይስጥልኝ እኅቴ» አለች ወርቅውሃ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ። «ስምሽ ማነው?»

ሴትየዋ ስማቸውን መናገር እንደማይፈቀድላቸው ነገረቻት። ጥቂት ቆይታ ግን፣ «እናቴም ክፍል ነው የምታጸዳው፣ አላህ ይማርዎት» አለችና፣ ይህንንም ለደንቡ በእንግሊዝኛ ደገመችው።

ንጋቱ መኪናው ውስጥ ነበር። የፊቱ በር ተከፍቷል፤ ትራሱ እንደተቀመጠ ነው። ወርቅውሃ በባቡር ለመሄድ አስባ ነበር፤ ጣቢያው ግን ሩቅ ነው፣ እግሯም የኩራት እግር አልነበረም። ገባች። ዱክ ስትሪት ላይ ሦስት መብራት አለፉ። ቆይቶ መናገር ጀመረ፤ አለቆቹ እንዴት እንደሚያዋክቡት፣ እሱም ራሱ ዐሥራ አንድ ዓመት ጋሪ ገፍቶ እንደመጣ፣ ጉዳት የሚል ወረቀት የበዛበት ሱፐርቫይዘር ዓመት እንደማይከርም ተናገረ። አንቺን ልጎዳ አይደለም፤ ስግደት ብል ማንም አይጎዳም ብዬ ነው፣ ለእግዜር የተሰገደ ማንን ይጎዳል አለ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሊቆጣት ቢሞክር ትታገሠው ነበር፤ ይህኛውን ግን መታገሥ አቃታት።

«ዶክተሯ ብትሳሳት ስለማታውቅ ነው» አለችው። «አንተ ግን ሃምሳ መሆኑን ታውቃለህ።»

መብራቱ ቀይ ሆነ። ወርቅውሃ አንድ ነገር ድንገት መጣባት፤ ቀደም ብሎ ለምን እንዳልመጣባት ራሷን ታዘበች።

«ከእኔ በፊት ለስንት ሰው አስተርጉመሃል?»

ንጋቱ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ፊቱን ያያል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ ነዳ።

«አራት» አለ።

የክሊኒኩን ፖስታ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጀርባውን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ ብዕር ፈልጋ አገኘች። ስማቸውን እንዲነግራት ጠየቀችው። ምን ሊያደርግልሽ ነው አላት። ደግማ ጠየቀችው። ድልድዩ ላይ ወጥተው መሀሉ ደረሱ።

«ኪዳኔ» አለ። «የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ። ጉልበቱ ነበር። ጋሪው ደረጃ ላይ ሲንሸራተት።»

«ምን ብለህ አስተረጎምክለት?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ይጫወታል ብዬ።»

ኪዳኔ ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። የወርቅውሃ ብዕር ፖስታው ላይ እንደተተከለ ቀረ። ከዚያ ስሙን ጻፈች፤ ከጎኑ ጉልበት ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ ደረጃ ብላ ጻፈች።

«ቀጥል» አለችው።